ለባ አላል በር የተቀባው ቀለም

ለፋስ ከተማ ነዋሪ፣ ለሩቁም ለቅርቡም፣ በጥንታዊው መድረሳ ዋና መግቢያ ላይ በተለጠፈ፣ ማኅተም ባረፈበት ማስታወቂያ አንድ ከባድ ጉዳይ ተነገረ፤ የአንዲት ክፍል በር ቀለም ሊቀባ ነው።

ክፍሏ የባ አላል ናት። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለድሃ ደረሳዎች ማደሪያና መማሪያ የተሠራው መድረሳ ደረሳ ካጣ ወዲህ፣ ግቢውን እየጠረጉ፣ የውዱእ ገንዳውን እያጠቡ የኖሩበት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የመድረሳው እድሳት ኃላፊ ሲ ቲሃሚ ትከሻቸውን አቅፎ፣ «አባቴ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ብቻ ነው» አላቸው። ምንጣፋቸውንና የመዳብ ማንቆርቆሪያቸውን እዚያው ተዉት። ለሚደርቅ ቀለም ዕቃ ማን ይሸከማል?

በሕዝብ መታጠቢያው እሳት ማንደጃ፣ አመዱ ጥግ ማደር ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት እየሳሉ ይመጣሉ።

«ደረቀ?»

«ኧረ ባ አላል! ጀለቢያዎ ይበላሻል» ይላል አናጺው ድሪስ። «ጥድ እኮ ቀለም ሲጠጣ አይጠግብም።»

«አንተን ነዋ የመሰለው!»

ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። በሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ዳቦ ታቀብላቸው የነበረችው ጋጋሪዋ ላላ ዝሁር እንኳ አሁን ደጅ ላይ እየሰጠቻቸው፣ «ይደርቃል፤ ምን ያስቸኩላል?» ትላለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ዝናቡ መጣ፤ ሄደ። ቀለሙ አልደረቀም። ባ አላል አንድም ቀን የቀለም ሽታ ሸቷቸው አያውቅም። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ከተናገሩማ የሚመለሱበት ክፍል የላቸውም ማለት ነው።

ምረቃው ዓርብ ሆነ። ከጁምዓ በኋላ ሰው ሁሉ በነጭ ጀለቢያ ግቢውን ሞላው። ባ አላልም ያጠቡትን ለብሰው ከኋላ ቆሙ። በሩ ወለል ብሎ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ምንጣፋቸው ላይ ከሰም የተሠራ ደረሳ ቁጭ ብሏል፤ ማንቆርቆሪያቸው አጠገቡ።

«ቅርስ መጠበቅ ማለት» አለ ሲ ቲሃሚ ለእንግዶቹ፣ «ሰው የኖረበትን እንደኖረበት ማቆየት ነው። ዳቦ በዚህች ቀዳዳ ይገባ ነበር። ያ ልማድ ዛሬ የለም።»

ላላ ዝሁር ሻሿን አስተካከለች።

ንግግሩ ረዘመ። እግሩ ሲዝልበት ሲ ቲሃሚ በሩን በሙሉ ጀርባው ተደገፈው። ድሪስ «ጀለቢያዎ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ጭብጨባው ሲያበቃ ኃላፊው እንግዶቹን ሊያስገባ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዞረ።

ሠራተኞቹ ጀርባውን አዩ፤ ከዚያ ባ አላልን አዩ። የሚስቅ አልነበረም። የኃላፊው ነጭ ጀለቢያ ላይ አንዲት የቀለም ነጥብ የለችም።