የዘይቡ ሩብ ሰዓት

ካርቶኑ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር የደረሰው ከዒዱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ቲጃኒ ተቀብሎ ነቀነቀው፤ ውስጡ ሲንኳኳ ሰማና «የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» ብሎ ከሥራ ቤቱ ጥግ አቆመው። የአንድ ሰዓት ሥራ የተባለ ነገር ጠባዩ ይታወቃል። አንድ ሰዓት ብቻ ነው እየተባለ ከዛሬ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ ተነገ ወዲያ ሲገፋ ይከርምና በዓሉ ከች ይላል።

የላከችው ታናሽ እህቱ ዘይቡ ናት። ጅዳ የሰው ቤት ስትሠራ አምስት ዓመት ሆናት። ስትሄድ የሁለት ዓመት ልጇን ሩፈይዳን ለቲጃኒና ለሚስቱ ለፈድሊያ ትታ ነው የሄደችው። ስልኳን የምትይዘው አሠሪዋ ናት። በዓል ሲሆን ብቻ፣ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ሊወጣ ልብስ እየለበሰ ሳለ፣ ለሩብ ሰዓት ትለቅላታለች። ካርቶኑን ይዞ የመጣው ሙርሺድ የሚባል የአገር ልጅ ያደረሰው መልእክት አጭር ነበር፦ «የዒዱ ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ልጄ ብስክሌቱን ስትነዳ በዓይኔ ልያት።»

እናም ቲጃኒ ከዒድ ሶላት እንደተመለሰ፣ ነጭ ጀለቢያውን እንኳ ሳያወልቅ ግቢው መሐል ቁጭ አለ። ፈድሊያ «ልብስህን ቀይር ማሎ» ብላ ብትለምነው «ለዚህ ለዚህ ልብስ አይቀየርም» አላት።

መክፈቱ ራሱ ሥራ ሆነ። ፔዳሉ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ላስቲኩ በፕላስተር ታሽጓል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ነፍስ ያጠፋ እስረኛ እንኳ እንዲህ አይጠፈርም። ቲጃኒ በጥርሱ ሲጎትት ከንፈሩን ሸረከተው። አንዲት የብሎን ዳዶ አምልጣ የጎመን መደቡ ውስጥ ገባችና በአራት እግሩ እየዳኸ ሲፈልጋት ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። ጀለቢያው ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ሆኗል።

ሩፈይዳ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ፀጉሯ ከንጋት ጀምሮ ተሠርቷል፣ እጇ ላይ ሂና አለ፣ አዲሱ ቢጫ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ብላ ከረሜላ እንኳ አልቀመሰችም። በየአሥር ደቂቃው «አጎቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለዋለች። እሱም በየአሥር ደቂቃው «ገና ነው» ይላታል። ሆዱ ግን ገና አለመሆኑን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲጃኒ በርጩማ ጠራቢ ነው። ከአንድ ወጥ ግንድ ሦስት እግርና መቀመጫ ያወጣል፤ ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ብሎን የሰነፍ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ትናንት ማታ የካርቶኑን አፍ ብቻ ገለጥ ሲያደርግ የወጣውን ሥዕል ያለበት ወረቀትም ሳያየው አጥፎ ከቫርኒሽ ጣሳው ሥር አነጠፈው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ወረቀት ሌላ ጥቅም ኖሮት አያውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረሥላሴ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፋይል መሐል ያሳለፉ። መነጽራቸውን አውጥተው ብስክሌቱን ዞሩት።

«መመሪያ ነበረው?» አሉ።

«ነበረው» አለ ቲጃኒ።

«የት አለ?»

ቲጃኒ በአገጩ ወደ ጣሳው አመለከተ። ጋሽ ገብረሥላሴ ሄደው ሊያነሱት ቢሞክሩ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ጋር አንድ አካል ሆኗል። የወጣችው ቁራጭ ላይ አንድ ጎማና ግማሽ የቻይና ፊደል ብቻ ይታያል። ሽማግሌው ቁራጯን እንደ ማስረጃ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

የፊት ጎማው አልዞር ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ፓራፋንጎው፣ ያ የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አዛንፌ ገጠምኩ?» ይል ነበር። የጅማ አናጢ ግን እንዲህ አይልም። እዚህ አገር ዝናቡ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ በር አልዘጋ ካለ ይላጋል፣ መሳቢያ አልገባ ካለ ይላጋል። የቲጃኒ እጅ ከልጅነቱ የተማረው ሕግ ይኸው ነው። ሞረዱን አነሳና ያንን የሚያምር ቀይ ፕላስቲክ ይሞርደው ጀመር። ግማሹ ግቢው ላይ ዱቄት ሆኖ ሲፈስ ጎማው ዞረ። ቲጃኒም እፎይ አለ። ፔዳሉን ሲያዞረው ደግሞ ጎማውን መታው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቲጃኒ የሚለቀመውን እንኳ ሞርዶ ጨርሶታል።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ተሰገደ። እንግዳ ይገባል፣ «ዒድ ሙባረክ» ይላል፣ አንድ ምክር ጥሎ ይወጣል። አንዱ ግራውን ፍታው ሲል ሌላው ቀኙን አጥብቀው ይላል። ቲጃኒ ፈታ፣ አጠበቀ፣ መልሶ ፈታ። ላቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል። አምስት ዓመት ሙሉ እህቱ ምንም አልጠየቀችውም፤ ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀችው። ይህ ሐሳብ በመጣበት ቁጥር መፍቻው ከእጁ ይሾልካል።

ለስምንት አሥር ጉዳይ ስልኩ ጮኸ። የኢሞ ቪዲዮ ጥሪ ነው።

ዘይቡ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች፣ ከስታለች። «ዒድ ሙባረክ ወንድሜ። ቶሎ ቶሎ፣ ዛሬ ቀድመው ሊወጡ ነው። ልጄስ?»

ሩፈይዳ ዘላ ተነሳች። ቲጃኒ በጥቁር እጁ መለሳት። «ቆዪ፣ አትታዪ» አላት፤ ወደ ስልኩም ዞሮ «ብስክሌቱ ላይ ሆና ነው የማሳይሽ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው» አለ።

«ምን ቀረው? አሳየኝ እስቲ።»

ካሜራውን ገልብጦ ወደ ብስክሌቱ አዞረው። ዘይቡ ከልቧ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማው ስንት ጊዜው ነው።

«ወላሂ፣ የፊት ጎማውን ሹካ ወደ ኋላ አዙረህ ነው የገጠምከው። ለአሠሪዬ ሦስት ልጆች የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ስልኩን ለሰው ስጥና ሁለት እጅህን አምጣ።»

ስልኩን ለሩፈይዳ ሰጣት። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎማው ደገነችው።

«ላዩን ዳዶ ፍታ። እሱን አይደለም፣ ትልቁን። አሁን መሪውን ንቀለው። አዙረው። ቀስ፣ ገመዱን እንዳትበጥሰው።» ለሰው አቤት ስትል የኖረች ሴት ታላቅ ወንድሟን ታዝዘው ጀመር፤ እሱም እንደ ልጅ ይታዘዛል። ጎማው ተላቀቀ፣ ፔዳሉ ቦታውን አገኘ። ቲጃኒ ደስ አለው።

ፈድሊያ ትሪ ይዛ ስታልፍ ቆመች። «ልጅቷን አሳያት እንጂ ሰውዬ።»

«አንድ ደቂቃ» አለ ቀና ሳይል። ዘይቡም ከዚያ ማዶ «አንድ ደቂቃ፣ ይቺን ብሎን ብቻ» አለች።

የመጨረሻዋ ብሎን ጠበቀች። ቲጃኒ ብድግ አለ። «ኮቱ፣ ነይ ውጪበት!» ሩፈይዳ ስልኩን ሰጠችውና ቀሚሷን ሰብስባ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። እሱ ስልኩን ወደ እሷ ከፍ አድርጎ ሲያይ ጥሪው ተቋርጧል፤ መስታወቱ ላይ የቀረው ሰዓቱና የባትሪው ምልክት ብቻ ነው።

እጁን ግን አላወረደም። ልጅቷ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ወደ ስልኩ እያየች፣ ጥርሷ በሙሉ እስኪታይ እየሳቀች እስከ በሩ ነዳች። ዞራ ተመለሰች። ተጎርዶ የተረፈው ፓራፋንጎ ከፊቷ ይንቀጠቀጣል። ፈድሊያ ትሪውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቲጃኒ ጥሪው የተቋረጠውን ስልክ እንደደገነ «ማሻአላህ፣ እያየችሽ ነው፣ ደግመሽ ንጂ» አለ።

ሩፈይዳ እግሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። «አጎቴ፣ ጠፍቷል እኮ።»

«አሁን ነው የጠፋው።»

«አይደለም። እጄ ላይ እያለ ነው የጠፋው። ብሎኗን ስታጠብቅ።»

ቲጃኒ ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ። «ታዲያ ለማን ነው ስትስቂ የነበረው?»

«ለአንተ» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ ስትለፋ ነበራ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሩብ ሰዓቱን በሙሉ ለእህቱ ብረት ሲያሳያት ነበር። ልጇ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተሠርታ፣ ተኳኩላ፣ ሂናዋ ሳይነካ ቆማ ነበር፤ እሱ ነው በገዛ እጁ የመለሳት። አላፈረም፤ እዚያው፣ ለበዓሉ የመጣው እንግዳ ፊት አለቀሰ።

ሩፈይዳ ከብስክሌቱ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የቀሚሷ ነገር ቀርቷል። «እኔ ግን አይቻታለሁ» አለችው። «ስታወራ በሩን በሩን ታያለች። ሰው እንዳይመጣባት ነው መሰለኝ።» ወደ እሱ ዞር ብላ «ቀጥሎ የምትደውለው መቼ ነው?» አለች።

«ለአረፋ» አለ ቲጃኒ። «ሁለት ወር ከአሥር ቀን።»

ልጅቷ በጣቷ ጀለቢያው ላይ ያለውን ጥቁር ግራሶ ነካ ነካ አደረገች።

«እሺ» አለች። «ያኔ ብስክሌቱን አታውጣው።»