ፌዝ ነው

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መብራት ድርግም አለ። የእኔ ብቻ! ጎረቤቴ እትዬ ናዕማ ቤት ፍሪጁ ሲያጉረመርም በግድግዳው ይሰማኛል።

አራት ሰዓት ላይ ጥናቴን በኦንላይን ላቀርብ ነው። «ቀጠናዊ የኤሌክትሪክ ዕቅድና ማስተላለፊያ፦ ምርጥ ተሞክሮዎች» ይላል ርዕሱ። አገር ከአገር መስመር ዘርግቶ ኃይል እንዴት እንደሚካፈል ሦስት ወር ሙሉ ስለቃቅም ከርሜያለሁ። ዛሬ ካላቀረብኩ ኮንትራቴ አይታደስም፤ አለቃዬ ቁርጡን ነግሮኛል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ዓመቱ።

ያለኝ ዘዴ ከእትዬ ናዕማ ቤት በዲቫይደር ገመድ መሳብ ነው። እሳቸው ደግሞ አኩርፈውኛል።

ባለፈው ሳምንት የእሳቸው ቤት ብቻ ጠፍቶ፣ ለሱቆች የሚያስረክቡት እርጎ ሊበላሽ ሲል በሬን አንኳኩ። «የሺዋስ፣ አንተ የመብራት ሰው አይደለህ? ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ። እኔ ጅሉ፣ ዓይኔን ከላፕቶፑ ሳልነቅል «ፌዝ ነው» ብዬ ዘጋሁባቸው። ወደ ብሎካችን መብራት የሚገባው በሦስት መስመር ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እኛ ባለሙያዎቹ ፌዝ እንለዋለን። አንዱ ሲቋረጥ በእሱ ላይ ያሉ ቤቶች ብቻ ይጨልማሉ። እሳቸው የት ያውቃሉ! ያላገጥኩባቸው መስሏቸው ሄዱ። በማግስቱ ሃያ ሊትር እርጎ ደፉ።

አንኳኳሁ።

«እትዬ ናዕማ፣ መብራት ጠፋብኝ።»

«ፌዝ ነዋ!» አሉና በሩን ገፉት።

እግሬን መሃል ከትቼ ስለ ሦስቱ መስመር በአንድ ትንፋሽ አስረዳኋቸው። በሩን መግፋት ተዉ።

«እና ያን ቀን ያንተ ቤት መብራት ነበረ?»

«ነበረ።»

«ገመዱስ?»

«ገመዱም ነበረኝ» አልኩ። ወይ ሐፍረት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለመሆኑ ቀን ከሌት የምታነበው ምንድነው?»

«ጎረቤት ከጎረቤት መብራት እንዴት እንደሚካፈል።»

እትዬ ናዕማ የበሩን እጀታ ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ወላሂ፣ ፌዝ ማለትስ ይሄ ነው! በል ሳብ። የእኔ የጠፋ ቀን ግን ሳልጠይቅህ ገመዱ በበሬ ይግባ።»

«እርስዎን ይንሳኝ፣ ይገባል!»

ገመዱን በኮሪደሩ ሳብኩና አቀረብኩ። እስከ መጨረሻው ደህና ሄደ። ሰብሳቢው «ከዚህ ሁሉ ተሞክሮ ለእኛ የሚሆነው የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አፌን ከመክፈቴ ስክሪኑ ጠፋ። የእኔ አምፖል በራ፤ ከወዲያ የፍሪጁ ድምፅ ቀጥ አለ።

ላፕቶፑን እዚሁ ግድግዳ ላይ ሰክቼ ኮንትራቴን ላድን? እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩት። ገመዱን ገልብጬ በእኔ ሶኬት ሰካሁና ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደ እትዬ ናዕማ ቤት በረርኩ። ፍሪጁ እስኪጮህ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ነው ላፕቶፔን የከፈትኩት፤ እሱም የሚነሳው ተለምኖ ነው።

ስብሰባው ላይ ስገባ ሁሉም እየጠበቁኝ ነው። አለቃዬ ፊቱ ቀልቷል።

«የት ጠፍተህ ነው?»

«ፌዝ ነው» አልኩ።

ኢንጂነሮቹ በሙሉ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለቃዬም «በል መልስ» አለኝ። በሬ ላይ እርጎ በብርጭቆ ይዘው የቆሙት እትዬ ናዕማ ግን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ማይኩም ክፍት ነበር።

«ማን ናቸው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ምርጥ ተሞክሮዬ ናቸው» አልኩ።