የነጭ ለባሹ ካፖርት

የቤተ ክርስቲያናችን የታሪክ ኮሚቴ ሰዎች መጥተው «እማማ አስካለች፣ በዚያ በስደት ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንዴት አደገች?» ይሉኛል። የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ስንት ነበራችሁ፣ ስንት ሆናችሁ። ቁጥሩን ሽማግሌያችን ባዳቾ ጽፎት ነው የሞተው፤ ከእሱ ደብተር ይገልብጡ። እኔ የማውቀው ፍርሃቱን ነው። ፍርሃት ደግሞ ሪፖርት ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ብዕራችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ጊዜው 1954 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ከዲምቱ ወዲህ፣ ወደ ቢላቴ በሚወርድ ትንሽ ወንዝ አጠገብ ነበር። የጸሎት ቤታችን ከተቃጠለ አራት ወር ሆኖታል። ያቃጠለው ዱባለ ነው። ዱባለ የጭቃ ሹሙ ነጭ ለባሽ ነበር። ጠመንጃ አለው፤ ከጣሊያን የቀረ አሮጌ ካፖርት በበጋም በክረምትም ከላዩ አይወርድም። ያ ካፖርት ከሩቅ ሲታይ ልጆቻችን ከብቱን ጥለው ይሸሹ ነበር።

ባሌን ሻንቆንም ያሰረው እሱ ነው። እጁን የኋሊት ጠፍሮ እስከ ሶዶ በእግሩ ነዳው። ሻንቆ ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ የቀኝ እጁ ጣቶች አይጨብጡም፤ ገመዱ ጅማቱን ገድሎታል። ዶማ መያዝ ቀረ። ሲለቁት ደግሞ «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ላይ ሁለተኛ ብትገኝ አንድ ዓመት ነው» ብለው በጣቱ አስፈርመውታል። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወድቅ ነበር። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም።

አንድ ጠዋት ከቤት ብወጣ ዱባለ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር የምንተክልበት ማሳችን ውስጥ ቆሟል። ካፖርቱን እንሰት ላይ ሰቅሎ በሻንቆ ዶማ ይቆፍራል። እስከ እኩለ ቀን ቆፍሮ፣ ዶማውን ደጃፍ ላይ አስደግፎ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን በቅል ውኃ ማሳው ዳር አስቀመጥኩለት። ከርኅራኄ አይደለም፤ ውኃ ነፈገችኝ ብሎ ቂም እንዳይዝ ነው።

«ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ እየቆጠረ ነው» አልኩት ሻንቆን።

«ቀና ብሎ እንኳ አያይም፣ አስካለች። ይቆፍራል እንጂ።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየ። ከዚያ በአንድ እሑድ፣ በባዳቾ ቤት ተሰብስበን ሳለ በሩ ጨለመ። ዱባለ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ነበርን፤ የሠላሳ አንድ ሰው ትንፋሽ ቀጥ አለ። «መጠመቅ እፈልጋለሁ» አለና እበሩ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ደንባችንን ልንገራችሁ። ሰው ከመጠመቁ በፊት ሽማግሌው «ኑሮውን ያየ ማን ነው?» ብሎ ጉባኤውን ይጠይቃል። የተነሣው ሰው ምስክሩ ይሆናል፤ ወንዝ ዳር የተጠማቂውን ልብስ የሚይዘውም እሱ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የሰው ልብስ ተይዞ አይሮጥም። ነጭ ለባሽ ቢመጣም ምስክሩ ተጠማቂው ከውኃው እስኪወጣ ካለበት አይነቃነቅም።

ባዳቾ መጽሐፉን ገለጠ። ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ እንደ ፈሩት፣ ደቀ መዝሙር መሆኑንም እንዳላመኑ አነበበ። «በርናባስ ግን ወሰደው» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘጋውና «ኑሮውን ያየ ማን ነው?» አለ። ማንም አልተነሣም። እኔም ማንም እንዳይነሣ በልቤ እጸልይ ነበር። ከጎኔ ሻንቆ ተነሣ።

ቤት ስንገባ አልለቀቅኩትም። «በዚያ እጅህ ነው የምትመሰክርለት?»

«በእጄ አይደለም» አለ። «በዓይኔ ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ያየሁት ግን እባቡን ራሱን ነው። ጥምቀቱ በዲምቱ ገበያ ቀን ሊሆን ተቆርጧል፣ ጭቃ ሹሙ ገበያ ስለሚወርድ። አሥራ አንድ ሰው ይጠመቃል። ዱባለ ቢሸጠን ሻንቆ አንድ ዓመት ይታሰራል፤ ያ ገላው አንድ ዓመት አይችልም። ሳስበው ምግብ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝ።

ለጭቃ ሹሙ ሚስት ለወይዘሮ ሳህሊቱ ቅቤ እሸጥ ነበር። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም መልካም ሴት ናት፤ ሻንቆ ታስሮ ሳለ እህል የላከችልኝ እሷ ነበረች። ቅቤውን እየሰጠኋት «ዱባለ ከእኛ ሰዎች ጋር ጸሎት ጀምሯል ይባላል» አልኩ። ቀኑን አልተናገርኩም፣ ቦታውንም አልተናገርኩም፤ ብልጥ መሆኔ ነው። ጠርተው ይቆጡታል፣ ወንዙም አይደርስም ብዬ ነው።

ሳህሊቱ ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ ይህን ለምን ትነግሪኛለሽ? ባልሽ እንኳ ገና መፈታቱ ነው።»

«እንዲያው ነው» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ የለውም።

በገበያው ቀን ዱባለ መጣ። ማንም አልጠራው፣ ማንም አልተቆጣው። ጠመንጃም አልያዘም። አሥሩ ተጠምቀው እሱ የመጨረሻ ሆነ። ካፖርቱን አውልቆ ለሻንቆ ሰጠው። ሻንቆ በልማድ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ አልዘጋ አሉና ካፖርቱ ጭቃ ላይ ወደቀ። ዱባለ ያቺን እጅ አይቶ ፊቱን አዞረ። ጎንበስ ብዬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ይከብዳል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። የጸሎት ቤታችን ጭስ መሰለኝ።

ዱባለ ጉልበቱ ድረስ እንደ ገባ ከላይ አፋፉ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ።

«ይኸው አመጣብን» አለች አጠገቤ የነበረችው፣ ፈጠነች የምትባለው እህታችን። የሁሉም ዓይን ዱባለ ላይ ሆነ። ማን እንዳመጣቸው የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠርተው አልተቆጡትም፤ ዝም ብለው ተከታትለውታል። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፣ እኔ በገዛ አፌ ጠርቼ አደረስኩት። እግሬ ሩጪ ይለኛል፤ ካፖርቱ እጄ ላይ ነው።

ዱባለ አፋፉን አየ፣ ከዚያ ሻንቆን አየ። «እነሱ እንዳይወርዱ፣ እኔ ልውጣ» አለና ሳይጠመቅ ከውኃው ወጣ። በሸሚዙ ብቻ፣ ከነእርጥበቱ፣ አቀበቱን ፈጥኖ ወጣው። እጁን ራሱ የኋሊት ሲያዞርላቸው ከታች ሆነን አየን። አንደኛው ወደ ወንዙ ሊወርድ ሲል ዱባለ የሆነ ነገር ተናገረው። በኋላ እንደ ሰማነው «የታዘዛችሁት እኔን ነው» ነበር ያለው። አስረውት ሄዱ።

ካፖርቱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሻንቆ «ደንብ ነው፣ እስኪመለስ ያዢው» አለኝ።

ሰባት ወር ሶዶ ታሰረ። ካፖርቱን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፤ ቤት ውስጥ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ሦስት እሑድ ቻልኩ፣ በአራተኛው ጉባኤው ፊት ተነሥቼ የሠራሁትን ተናገርኩ። ፈጠነች በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ባዳቾ «ኑሮሽን ያየ ሰው እስኪመሰክርልሽ ከደጅ ሁኚ» አለኝ። ማንም አልተነሣም። ሻንቆም አልተነሣም፤ አልፈረድኩበትም።

ከደጅ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ሲዘምሩ እሰማ ነበር። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ነው እንግዲህ ያደግነው፤ ኮሚቴው ይህን ይጻፍ። አስሮ የሚነዳ ሰው ራሱ እጁን ለገመድ ሰጠ የሚል ወሬ በየመንደሩ ዞሮ፣ ከሩቅ ሳይቀር «ምን አይቶ ነው?» እያሉ መጡ። ሠላሳ አንድ የነበርነው ሰባ ሆንን። የሚገባውን ሰው ደጅ ሆኜ አንድ በአንድ ያየሁት እኔ ነኝ።

ዱባለ ተፈታ ሲባል ወደ እናቴ አገር ወደ ቦምቤ ልሸሽ ጓዜን አሰርኩ። ያደረግኩትን ነግረውታል። ሌላው ቢቀር ጥፊ አያጣኝም ብዬ ነበር። ሻንቆ «ካፖርቱን ሳትመልሺ የት ትሄጃለሽ?» ባይለኝ ሄጄ ነበር።

እንደገና ወንዝ ወረድን። ከሰው ራቅ ብዬ፣ ካፖርቱን ድንጋይ ላይ ጥዬ ልመለስ አስቤ ቆምኩ። ባዳቾ «ኑሮውን ያየ ማን ነው?» ሲል ጉባኤው በሙሉ እጁን አነሣ። ዱባለ ግን ሁሉንም አልፎ ወደ እኔ መጣ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ የታየኝ የእጁ አንጓ ነው። እንደ ሻንቆ እጅ የገመድ ጠባሳ አለበት። ካፖርቱን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። «ያዢልኝ» አለ።

«የጠቆምኩብህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ ባዳቾ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «የዚህችን ሴት ኑሮ ያየሁ እኔ ነኝ። ባሏን አስሬባት፣ ማሳዋ ላይ ውኃ አስቀምጣልኛለች።»

«ከፍርሃት ነበር» አልኩት።

«እኔስ?» አለኝ። «መርዝ ነው ብዬ እየፈራሁ አይደል የጠጣሁት?»

ያልተጠመቀ ሰው ለሌላ ሰው መመስከሩ በደንባችን የለም። ባዳቾ ግን አልከለከለውም። ዱባለ ወደ ውኃው ገባ። አፋፉን ቀና ብዬ አየሁት፤ ማንም የለበትም፣ እኔ ግን አሁንም እፈራ ነበር። ካፖርቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ እስኪወጣ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።