የዘነቡ ቤት ጉድለት

ወይዘሮ ዘነቡ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትረግመው የኖረችውን ቤት በምታስረክብበት ቀን ማለዳ ተነሥታ ወለሉን ትወለውል ነበር። ጥለውት ለሚሄዱት ቤት ማን ይደክማል? እሷ ግን የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ለርክክብ መጥቶ «ቆሻሾች ነበሩ» ብሎ እንዳይጽፍባት ብላ ነው። ዘነቡን ክፉ ናት የሚሏት ብዙ ናቸው። ቆሻሻ ናት ያላት ግን የለም፤ ኣረጋሽ እንኳ አላለቻትም።

ኣረጋሽ ማለት ከሳንቃው ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱ አሥመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውቶቡሱ ፌርማታ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጣልያን ለራሱ ሠርቶ ትቶት የሄደው ነው። ኣረጋሽ ከእናቷ ጋር ሙሉውን ተከራይታ ትኖርበት ነበር። ፌዴሬሽኑ በፈረሰ በዓመቱ አንድ መሥሪያ ቤት መጣና የፊቱን ግማሽ ለሠራተኞቼ እፈልገዋለሁ አለ። ማንንም አልጠየቀ፤ መሐል ለመሐል ሳንቃ አቆመና ደርበውንና ሚስቱን ዘነቡን አስገባባት። ኣረጋሽ «ቤቴን ቀሙኝ» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ሳንቃውን ያቆመው ሰው ደግሞ ጭንቅላት አልነበረውም። የመብራቱ ፊውዝ፣ አሥመራ ላይ ቫልቮላ የሚሉት፣ ከፊት በዘነቡ በኩል ቀረ፤ የውሃው መዝጊያ ከኋላ በኣረጋሽ በኩል ቀረ። ኣረጋሽ ስትፈልግ ዘነቡን በውሃ ጥም ታቃጥላታለች፤ ዘነቡ ስትፈልግ ኣረጋሽን ታጨልምባታለች። የመጀመሪያው ዓመት ጦርነት ነበር። ዘነቡ ልብሷን ሳሙና መትታ ስትጨርስ ውሃው ይጠፋል። ኣረጋሽ የሙሽራ ቀሚስ ልትተኩስ ካውያውን ስትሰካ መብራቱ ይጠፋል። ሁለቱም ሲሰለቻቸው፣ ማንም ከማንም ሳይማከር፣ ሕግ ወጣ። ሳንቃው አንዴ ከተመታ ውሃ ልቀቂ፣ ሁለቴ ከተመታ መብራት ስጪ፣ ሦስቴ ከተመታ ደግሞ «አፍሽን ዝጊ» ማለት ነው። በዚህ ሕግ ሰባት ዓመት ኖሩ። ሰላምታ አልነበራቸውም።

በየወሩ ዘነቡ ባሏን አስቀምጣ የዝውውር ማመልከቻ ታስጽፈዋለች። ደርበው የመዝገብ ቤት ሹም ነው፤ ዝምተኛ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ ዋናውን መንገድ ወርዶ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ የሚመለስ። የአሥመራ አየር ተስማምቶታል። ቢሆንም ከሚስቱ ጋር መከራከር አይወድምና ይጽፋል። ከጎጃም ያመጡት ትልቁ ሣጥን ሰባት ዓመት አልተፈታም፤ መስኮቶቹም መጋረጃ የላቸውም። «ነገ ለምንሄድበት ቤት ነው» ትላለች።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ከተማው በፍተሻና በሰዓት እላፊ ሲታመስ፣ መልሱ መጣ። ባሕር ዳር፣ ከነዕድገቱ፤ አዲስ የተሠራ ቤት፣ የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ መብራት፣ በአራቱም ማዕዘን ግንብ። ዘነቡ ኣረጋሽ እንድትሰማ ሳንቃው ሥር ቆማ እልል አለች። ኣረጋሽ ሳንቃውን ሦስቴ መታች።

እልልታው ሳይበርድ ከጎጃም የአማቷ ደብዳቤ ደረሰ። ቤቱ ሰፊ ነው ሲሉ ሰማሁ ይላል፤ ሰፊ ቤት ልጅ ይፈልጋል፤ ልጄም ገና ወንድ ነው። ዘነቡና ደርበው ልጅ አልወለዱም። ደብዳቤውን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው፤ ለደርበው አላሳየችውም። እዚህ ከተማ «ምነው ልጅ?» የሚላት ዘመድ የላትም። ኣረጋሽ በጥሉ ጊዜ ወጧን ሰድባታለች፣ አረማመዷን ሰድባታለች፣ ንጉሧንና ወታደሮቿን ሰድባታለች። ያንን ነገር ግን አንድ ቀን አንስታባት አታውቅም።

ርክክቡ በሚደረግበት ቀን ደርበው ቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ብርሃኑ የሚባለው የሥራ ባልደረባው የባሕር ዳሩን ቦታ እየለመነ መሆኑን ነገራት። ርክክቡ እስከ ቀትር ካልተፈረመ ሹመቱ ለብርሃኑ ያልፋል። ጸሐፊውም ወደ ቤት ስለሚመጣ የምትፈርመው እሷ ናት።

«ብትፈርሚ እንሄዳለን፤ ባትፈርሚ እንቀራለን» አላት። «እኔ በዚህ ነገር አፌን አልከፍትም።»

«ሰባት ዓመት ለምኜ ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። ዘነቡ ተናደደች። እንሂድ ቢላት በሄደች፣ እንቅር ቢላት በተጣላችው ነበር። ይኸ ሰው ለመጣላት እንኳ አይመችም።

ጸሐፊው ተመልሶ ይባላል። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዓኽርያ፣ በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣው። ፌርማታው ላይ ወታደሮች ፈትሸውት ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘርግፈውበታል፤ ስለዚህ ሲገባ ፊቱ ተቋጥሮ ነበር። ሻሂ ልትሰጠው ብትል «የቐንየለይ፣ አልጠጣም» ብሎ አመስግኖ ጉድለት መመዝገቡን ከመኝታ ቤቱ ጀመረ።

«የመኝታ ቤት መስኮት ተበላሽቷል» እያለ ጻፈ።

«ማን አለህ? ጋዜጣ አጥፈህ ከላይ ሰካ ስታደርግበት ጸጥ ይላል።»

«ጋዜጣ የመስኮት ዕቃ አይደለም፣ እመቤት።»

ሳሎን መግቢያ ላይ አንድ የወለል ሸክላ ከእግሩ ሥር ቀጭ አለ። ተነቃንቋል ብሎ ጻፈ። ዘነቡ ልትነግረው ብላ ተወችው። ደርበው ሲመጣ ያንን ሸክላ ይረግጣል፤ እሷ ወጥ ቤት ሆና ቀጭ ሲል ትሰማና ምሳውን ታወጣለች። ይህ ለጸሐፊ የሚነገር ነገር አይደለም። ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ጻፈ። የሚያፈሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያ ሳፋ ይቀመጣል፣ በዚያ ውሃ ጠጉሯን ስትታጠብ ይለሰልስላታል። ሽንት ቤት ገባና ብዕሩን ይዞ ቆመ። የውሃ መልቀቂያው ሰንሰለት ከተበጠሰ አራት ዓመቱ ነው፤ በቦታው የደርበው አሮጌ ቀበቶ ተንጠልጥሏል።

«የመንግሥት ሰንሰለት ጠፍቶ በግል ቀበቶ ተተክቷል» ብሎ ጻፈና አሰመረበት።

ዘነቡ ደሟ ፈላ። እነዚህን ጉድለቶች በቃሏ የምታውቃቸው፣ በየቀኑ አንድ በአንድ እየጠራች የምትረግማቸው እሷ ናት። ግን ራስ ሲረግሙት ሌላ ነው፣ ሰው ሲረግመው ሌላ። ይህ ከዓኽርያ የመጣ ሰው ደርበውን ራሱን አቁሞ «ራሰ በራ፣ ጥርሱ የወለቀ፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ» እያለ የሚጽፍባት መሰላት። ሥራህን ቶሎ ጨርስ ብላ ተቆጣችው። ጉድለቱ ሲያልቅ እጨርሳለሁ አላት።

ከዚያ ሳንቃው ጋ ደረሰ። ጥንካሬውን ለማየት በጣቱ አንዴ መታው። ወጥ ቤት ያለው ክፍት ቧንቧ ወዲያው እየተንፏፏ ይወርድ ጀመር። ጸሐፊው ሮጦ ሄዶ ቧንቧውን አየ፣ ወደ ሳንቃው ተመለሰ፣ ግራ ገብቶት ጻፈ፤ «ቧንቧው በራሱ ይከፈታል»።

ዘነቡ ልትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ጸሐፊው ቀና ሳይል እነሱ ሲወጡ ሳንቃው እንደሚነሣና የጡብ ግንብ እንደሚቆም፣ ውሃውም መብራቱም ለየብቻ እንደሚሆን፣ ቤቱንም አንድ መቶ አለቃ እንደሚረከበው ነገራት። በአንዱ ዓመት ተስቦ ይዟት ሳምንት ተኝታ ነበር። በዚያ ሳምንት ሳንቃው ሳይንኳኳ ውሃው ሌት ተቀን አልተዘጋም። በተነሣች ማግሥት ኣረጋሽ መልሳ ዘጋችው፤ ሁለቱም ነገሩን አላነሡትም። ባሕር ዳር ባለው ግንብ ላይ ብታንኳኳ ማን ይሰማታል? ከግንቡ ወዲያ ያለው የአማቷ ወሬ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ትዝ አለቻትና ፈራች። ስትፈራ ደግሞ ቁጣዋ ይብሳል።

ጸሐፊው የመጨረሻውን ለማየት ወደ ፊት በር ሄደ። ሳበው፤ አልዘጋ አለ። ገፋው፤ ወለሉን ቧጥጦ ቆመ። ሦስተኛውን ሞክሮ ተወው።

«የፊት በር አይዘጋም። ጉድለት ዐሥራ ዘጠኝ» አለና ወረቀቱን ከነብዕሩ ዘረጋላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ይዘጋል።»

«ሞከርኩትኮ፣ እመቤት። አይዘጋም።»

«ኣይፋልን፣ የለም» አለ አንድ ድምፅ ከደጅ። «ይዘጋል።»

ኣረጋሽ ናት። በጓሮ ዞራ መጥታለች፤ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መርፌዎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ የፊቱን ደጅ ስትረግጥ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይህች ሴትዮ በተቆጣች ቁጥር ስትደረግመው ልቤ የሚወርደው በየትኛው በር ነው?» አለችው ጸሐፊውን። «ሐቂ ተናገር። እሷ ክፉ ናት፤ በሩ ግን ይዘጋል። ግንቡንስ ማን ለመናችሁ?»

ጸሐፊው በትግርኛ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ለጥቅሟ ነው፣ መዝጊያውም ቫልቮላውም የራሷ ይሆናል አላት። እሷ ግን ዘነቡም እንድትሰማ ይመስላል፣ በአማርኛ መለሰችለት።

«ጥቅሜን የነገራችሁኝ ጊዜ ግማሽ ቤቴ ሄደ። አሁን ደግሞ መቶ አለቃ ልታመጡብኝ ነው።» ወደ ዘነቡ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ፍቅር የሚባል ነገር አልነበረም። «ኣቲ ሰበይቲ፣ አንቺን ለመልመድ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሌላ ጠላት ከሀ ጀምሬ ልማር?»

ዘነቡ ብዙ ስድብ ጠግባ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ስድብ ግን ሰምታ አታውቅም። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። ዐሥራ ዘጠኙም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተደርድረዋል። ከነዚህ በአንዱም ሌላ ሰው ኖሮበት አያውቅም። ብዕሩን ሳትነካ ወረቀቱን መለሰችለት።

«ውሸት ላይ አልፈርምም» አለችው። «ወጣ በልና ልዝጋው።»

ምስኪኑ አምኗት ወጣ፤ ደጁ ላይ ከኣረጋሽ አጠገብ ቆመ። ዘነቡ እጀታውን ወደ ላይ አነሣች፣ ከታች በዳሌዋ ደገፈችው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አስጎንብሳ በትከሻዋ ገፋችው። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ጸሐፊው ከደጅ «እመቤት፣ ፊርማውሳ?» ሲል ተሰማ። ኣረጋሽ «ነግሬሃለሁ፣ ይዘጋል» አለችውና የኮንጎ ጫማዋ ወደ ጓሮ እየተጎተተ ራቀ። ጸሐፊውም ትንሽ አንኳኩቶ፣ ስለ አውቶቡሱ እያጉረመረመ ሄደ።

ዘነቡ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ደስ ብሏታል። ሰባት ዓመት የለመነችውን በዳሌዋ ገፍታ ደጅ አስቀርታ ደስ መሰኘቷ ራሱ አናደዳት፤ ግን ደስ ብሏታል። ሄዳ ሣጥኑን ከፈተችው። ለሚሄዱበት ቤት ብላ ያኖረችው መጋረጃ ከሥር ወጣ፤ ብል አንድ ጥጉን በልቶታል። መስኮቱ ላይ ስትለካው አንድ ክንድ አጠረ። ይጠር አለች። ምስማርና መዶሻ ፈልጋ መቸንከር ጀመረች፣ ከሳንቃው ወዲያ ሦስት ጊዜ ተመታ፣ እሷም አንድ ምስማር ጨመረች።

በቀትር ሸክላው ቀጭ አለ። ደርበው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆሞ አጭሩን መጋረጃ አየው፤ ወረቀት ያለበት እንደሆነ ብሎ ጠረጴዛውን አየ። ባርኔጣውን ሰቀለና፣ እጄን ልታጠብ፣ ውሃ አለ ወይ አላት።

«አንኳኳ» አለችው።

አንዴ መታ። ውሃው አልመጣም። ኣረጋሽ ስለ ምስማሩ መበቀሏ ነው። ዘነቡ ጥቂት ጠብቃ ሄደችና ቫልቮላውን ነቀለችው። ካውያው የቀዘቀዘባት ኣረጋሽ ወዲያ ሆና ረገመች፣ ከዚያ ሁለቴ መታች። ዘነቡም አንዴ መታ መለሰችላት። ውሃውና መብራቱ አንድ ላይ መጡ።