ከቀፎው ሥር ያለው ሚዛን

ጥሩሐረግ ቀፎዋን ለሰው አታሳይም። ጽጽቃ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። ማሯን ይገዛታል፣ ያመሰግናታል፣ ከየት እንደምታመጣው ግን አይጠይቃትም። ደፍሮ የጠየቀም ቢኖር «ከንብ ነዋ» ብላ ፊቷን ታዞርበታለች። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ሕግ ነበረው፤ ቀፎ የሚታየው ለልጅ ብቻ ነው ይል ነበር። ልጅ ደግሞ እግዜር አልሰጣቸውም። እሱ ሲሞት ቦታውን የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ቀረች።

ቦታውም የሚደበቅ ቦታ ነው። ከመንደሩ ቁልቁል ወደ ተከዜ በሚወስደው ገደል ሥር በጋ ከክረምት የማትደርቅ ምንጭ አለች። ደጋው ሁሉ ደርቆ ሲንኳኳ በምንጯ ዙሪያ ያለው ግራር አበባ ይይዛል። ዝናብ በቀረበት ዓመት የዋግ ንብ በረሃብ ቀፎውን እየጣለ ሲሄድ የጥሩሐረግ ንብ በዚያ ግራር ነፍሱን ያተርፋል። ምንጯን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ስሟ የሚጠሯት ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም አልፈዋል።

ምስጋናው የሚባለው ወጣት የመጣው እንግዲህ ወደዚች ሴት ቤት ነው። የሰቆጣ ልጅ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ማር ወደ ውጭ አገር በሚልክ ድርጅት ተቀጥሯል። እንደ ሌሎቹ የድርጅት ሰዎች ከመቀመጡ በፊት ሥልጠና አልጀመረም፤ የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ፣ ሲጠየቅ ብቻ ተናገረ። ይህ ብቻውን ግማሹን መንገድ ወሰደው። ከቦርሳው ያወጣው ከቀፎ ሥር የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ብረት ነበር። የመዳፍ ስፋት ባላት ሶላር ይሠራል፣ እንደ ስልክ ሲም ካርድ አለው፤ የቀፎውን ክብደትና ሙቀት እየለካ በኢንተርኔት ወደ ስልኩ ይልካል። ድርጅቱ ማሩ መቼ እንደሚደርስ አውቆ መኪናውን በጊዜው ያሰማራል፤ ውጭ ያለውም ገዢ ማሩ ከየትኛው አገር ቀፎ እንደወጣ ያያል። ለእርስዎም ይጠቅማል አላት። ንቡ ሲራብ ማሩን ይበላል፣ ቀፎው ይቀላል፤ ሚዛኑ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔም ያኔውኑ እደውልልዎታለሁ አላት።

ጥሩሐረግ እንዲሄድላት ብላ የባሏን ሕግ ነገረችው። እሱ ግን አልተከፋም። በሚቀጥለው እሑድ የነፍስ አባቷን ቄስ ወልደ ሐዋርያትን ይዞ ተመለሰ። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው፣ እሷ ፈቅዳ ካጠባችኝ የጡት ልጇ እሆናለሁ ብሎ በቄሱ አስለመናት። ልጁ ይህን ያለው ቀፎውን ለማየት ይሁን እናት አምሮት፣ ዛሬ ድረስ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። ሁለቱም ይመስለኛል፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጥሩሐረግ አውራ ጣቷን ከራሷ ማር ነክራ አፉ ውስጥ አደረገችለት፤ ቄሱም መሰከሩ። በአገሩ ወግ እንዲህ የጠባ ሰው ልጅ ነው። ይጦራል፣ ይወርሳል፣ ይቀብራል፤ ቁርኝቱም እንደ ሥጋ ልጅነት ነው፣ አይፈርስም። ያን ቀን አለቀሰች። ጎረቤት ሲጠይቃት ጭስ ነው አለች፤ በቤቱ ግን እሳት አልነደደም ነበር።

ከዚያማ እጁን ይዛ ወደ ምንጯ አወረደችው። ከየቀፎው ሥር ሚዛን አስቀመጠ። ችግሩ በገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነበር፤ ሚዛኖቹ ቢናገሩም የሚሰማቸው የለም። ምስጋናው ከሰቆጣ ማስተላለፊያ አመጣና ከገደሉ አፋፍ ላይ እንትከለው አላት። የማስተላለፊያውን ምሰሶ በአህያዋ አጋዘችው፣ ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች፣ ድንጋዩን ራሷ ጠቀጠቀችበት። ልጇ ሰቆጣ ሆኖ ንቦቿን እንዲሰማ ነው፤ እንዴት አትቆፍር?

የመጀመሪያው ዓመት ማር ሆነ። አንድ ጊዜ ደውሎ ከላይ ያለው ቀፎ ቀሏል፣ ውረጂና እይው አላት፤ ብትወርድ እውነትም ጉንዳን ገብቶበት አገኘች። ወሬውን ለመንደሩ ስታወራ ስለ ጉንዳኑ በአንድ ቃል አልፋ «ልጄ ደወለልኝ» የሚለውን ሦስቴ ትደጋግመው ነበር። እንደ ድሮው በየሳምንቱ ገደል መውረዷንም ተወች። ጉልበቷ አስቸግሯት ነበርና ልጇ ያያል ብላ ተመቻት። ስልኳን በመብራቱ ሶላር እየሞላች ከመቀነቷ አትለየውም። ጎረቤት አንዴ ልደውልበት ቢላት እንኳ ባትሪው ያልቃል ብላ ትከለክላለች፤ በዚህም ቆንቋና ተብላለች።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከጽጽቃ እስከ ፃግብጂ ንብ አለቀ ተባለ። ጥሩሐረግ አልደነገጠችም፤ ልጇ ቀፎ ቀለለ ብሎ አልደወለላትምና ንቦቿ ደኅና ናቸው።

ፋሲካ ሲቃረብ ለበዓል የሚሆን ማር ልትቆርጥ አህያዋን ይዛ ወረደች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። በምንጯ ዙሪያ፣ በግራሩ ሥር፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሣጥን ቀፎዎች እንደ ገበያ ቀን ሰው ተኮልኩለዋል። የድርጅቱ ምልክት በየጀርባቸው ላይ አለ። ከመሃላቸው የእሷን ቀፎዎች ፈልጋ ማግኘት ነበረባት። ስታገኛቸው በየመግቢያቸው የሞተ ንብ ተነጥፏል። ውስጡን ከፍታ አየች፤ ሰፈፉን ብል በልቶት ድር አድርቶበታል። ያች ምንጭ የጥቂት ቀፎ እናት ናት፣ ያን ሁሉ መንጋ ማብላት አትችልም። ጉልበተኛው ሣጥን ደካማውን ቀፎ ዘርፎ ጨርሶታል። ጥሩሐረግ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባ እንኳ አልመጣላትም።

በበዓሉ ማግስት ቄስ ወልደ ሐዋርያት ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ምስጋናውን ወደ ቤታቸው አስጠሩት። በአዲስ ሞተር ሳይክል መጣ፤ ድርጅቱ በዚያ ዓመት በዞኑ የሥራው ኃላፊ አድርጎታል። ጥሩሐረግን ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል አልከለከለችውም።

ሲናገር አልቀጠፈም። ማስተላለፊያው ከተተከለ ጀምሮ የእያንዳንዱ ቀፎ ቦታ በአዲስ አበባው ቢሮ ካርታ ላይ ይታያል አለ። በዞኑ ያለው ቀፎ ሁሉ ሲቀል የእሷ ብቻ ሲከብድ ቢሮው አየ፤ አይቶም ሣጥኖቹን በመንደሩ ሳያልፉ በተከዜ በኩል ላከ። ቦታውን በአፌ አልተናገርኩም፣ ካርታው ለሁሉም እንደሚታይ ያወቅሁትም እንደ እናንተው ኋላ ነው ብሎ በቄሱ መስቀል ማለ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ልጁ እውነቱን ነው፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው አሉ፤ ድርጅቱም ካሳ ቀፎ እንዲሰጣት እሱ ይለፋል፣ ታረቂው አሏት።

እውነቱን እንደሆነ ለእሷም ታይቷታል። ምሰሶውን የተከለችው ራሷ ናት፤ እሱን በምን ትከሰዋለች? እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ግን አንድ ነገር በልቧ ገባ።

«ምስጋናው» አለችው። «ሣጥኖቹ ሲወርዱ የኔ ሚዛን ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር፣ እማ። አንድም ቀን አልተቋረጠም» አለ፤ በሥራው የሚመካ ሰው ድምፅ ነበረው።

«ሲቀል አሳይቶሃላ?»

ቄሱ መልስላት እንጂ ልጄ አሉት።

«አሳይቶኛል» አለ። «በየቀኑ። የሣጥኖቹ ማር እስኪቆረጥ ለማንም እንዳትናገር ብለውኝ ነበር። ሥራዬን ያስለቅቁኝ ነበር።»

«በሚካኤል ዕለት ደውለህልኝ ነበር» አለች ጥሩሐረግ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጉልበትሽ እንዴት ነው አልኸኝ። ደኅና ነው አልሁህ። ያን ዕለት ብወርድ ንቤ ይተርፍልኝ ነበር?»

«ግማሹ … ይተርፍ ነበር።»

የጥሩሐረግ ፊት ሲለወጥ ሽማግሌዎቹ አይተዋል። ጎረቤት ያስቀየመችበት ስልክ፣ ባትሪውን እንደ ሕፃን ስትጠብቅለት የከረመችው ስልክ፣ የልጇን ድምፅ አምጥቶላት ነበር፤ ልጇም ንቦቿ ሲያልቁ እያየ ስለ ጉልበቷ ጠይቆ ዘጋው።

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ግን፣ ሰው ይሳሳታል፣ እንጀራው ይዞት ነው፣ በዚያ ላይ የጡት ልጅነት እንደሆነ አይፈርስም፤ ባትፈልጊም ልጅሽ መሆኑ አይቀርምና ይቅር በይው አሏት።

«አውቃለሁ አባቴ፣ አይፈርስም» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «ዕቃውን ይቅር ብየዋለሁ፤ የታዘዘውን ነው የተናገረው። ድርጅቱንም ቢሆን ይቅር እላለሁ፤ ነጋዴ ነው፣ ያደርገዋል። ይኼ ግን ልጄ ነው።»

ተነሥታ ወጣች። ምስጋናው «እማ» እያለ እስከ በሩ ተከተላት፤ እሷ ግን ወደ ቤቷ መንገዱን ይዛ ነበር።