የእምቢታ ካርድ

ባልደረቦቿ «ንቢቱ» ይሏታል። ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፤ ደብተር የምታርመው እየተንጎራደደች ነው፤ ስብሰባ ላይ እንኳ ግድግዳ ተደግፋ አንድ እግሯን ስታወዛውዝ ታመሻለች። ደግሞስ ዕድሜዋን ሙሉ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ስታስተምር የኖረች ሴት እንዴት አርፋ ትቀመጥ? አንዱ በመስኮት ሊወጣ ሲል፣ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ፣ አንዷ ቀለም ልትቀምስ ስትል ሮጦ መድረስ ነው ሥራዋ።

በዚያ ሰሞን ግን የባሰ መጣ። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ጭምቷ፣ የክፍሉን ረዳት ደግማ ነከሰቻት።

«ጭምቷ» ያሏት ቃል ከአፏ ስለማይወጣ ነው እንጂ፣ ጭምትነት የሚባል ነገር በደጇም አላለፈ። ጥርሷማ አይጣል ነው። ረዳቷ ክንዷ ላይ የቀረውን ምልክት ይዛ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባች፤ እሱም ንቢቱን አስጠርቶ እቅጩን ነገራት።

«የፊታችን ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። የእርስዎን የጠዋት መዝሙር ለማየት ነው የሚመጡት። ልጅቷ እስከዚያም ሆነ በዚያን ዕለት ሰው ከነከሰች፣ እናቷ ትውሰዳት። እኔስ ምን ላድርግ? ወላጆች እያጉረመረሙ ነው።»

ይህ ነገር ንቢቱን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ጭምቷን ሌሎች ትምህርት ቤቶች «አንችላትም» ብለው መልሰዋታል። ከዚህም ከወጣች መዋያዋ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ነው።

ንቢቱ የምትኮራበት የራሷ ዘዴ አላት። መናገር ለማይችል ልጅ ሥዕል ያለበት ካርድ ትሠራለታለች፦ ውሃ፣ ዳቦ፣ ኳስ፣ ሽንት ቤት፣ ዥዋዥዌ። ካርዶቹ ልጁ ወገቡ ላይ በሚታጠቀው ቀበቶ ላይ ይለጠፋሉ። ልጁ የፈለገውን ገንጥሎ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣል፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ «ቆይ፣ በኋላ» ማለት አይችልም። «ካርድ የሰጠ ልጅ ተናግሯል» ትላለች። በዚህ ሕግ ምክንያት ስንቱን አዲስ መምህር እንዳስለቀሰች እሷም አታስታውሰውም።

ሌላው ኩራቷ ራሷ ያወጣችው የጠዋት መዝሙር ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እሷ እየዘመረች፣ እየዞረች የእያንዳንዱን እጅ ይዛ ታስጨበጭባለች። እሷ ያልደረሰችበትን ረዳቷ ታስጨበጭባለች።

ሰኞ መላ ስትፈልግ ዋለች። መብራቱ ይሆን የሚያስቆጣት? አጠፋችው። ጫማዋ ጠቧት ይሆን? አወለቀችላት። ርቧት ይሆን? ዳቦ ሰጠቻት። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ እናት አንገትጌዋ ላይ መርፌ እንደሰካች ልጇን ልትወስድ ስትመጣ፣ በር ላይ ያዘቻት።

«የኔ እህት፣ ቤት ትነክሳለች እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣት!» አለች እናት፤ ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው ቲቸር፣ ሊያባርሯት ነው?»

«እኔ እያለሁማ አይሆንም። እንዲያው ልጠይቅሽ፣ የማትፈልገውን ነገር ስትሰጫት ምን ታደርጋለች?»

«ትገፋዋለቻ! እኔም አነሳዋለሁ። ታዲያ ምን አደርጋለሁ?»

በእሷ ክፍል ልጅ የገፋውን ነገር መልሶ ማቅረብ ነው ልማዱ፤ «ትዕግሥት» ብለው ይጠሩታል። ተመልሳ ገባችና የካርድ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ውሃ ስጡኝ፣ ዳቦ ስጡኝ፣ ኳስ ስጡኝ። ሁሉም ስጡኝ ነው። «አልፈልግም» የሚል አንድ ካርድ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ልጅ አስተምራ፣ አንድም!

«ወይ እኔ!» አለች ራሷን ይዛ። «ጥርሷን ብቻ ነዋ የተውኩላት!»

እዚያው ቆማ ቀይ ወረቀት ላይ የተዘረጋ መዳፍ ሣለች።

በማግስቱ ረዳቷ ጭምቷ የምትጸየፈውን እርጥብ ጭቃ አቀረበችላት። ንቢቱ ከኋላ ሆና የልጅቷን እጅ ወደ ቀዩ ካርድ መራችው። ካርዱ የረዳቷ እጅ ላይ እንዳረፈ ጭቃው ተነሳ። ጭምቷ ጭቃው የነበረበትን ቦታ አየች፣ ካርዱን አየች፣ ረዳቷን አየች። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ኳስ እምቢ፣ እርሳስ እምቢ፣ ጫማ እምቢ፤ ረቡዕ ጠዋት የረዳቷንም ሰላምታ እምቢ።

«ቲቸር፣ ይሄን ጣጣ እርስዎ ነዎት ያመጡት» አለች ረዳቷ እየሳቀች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ቤቷ ብትውል አይሻልም?»

«ለእንግዳ ብለን ካስቀረናት፣ ከነገ ወዲያስ ለማን ብላ ትመጣለች?»

ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን አስሮ እንግዶቹን አስከትሎ ገባ። ንቢቱ መዝሙሩን ጀመረች፤ እየዞረች፣ እያስጨበጨበች ጭምቷ ጋ ደረሰች። ከሁሉ የምትወደው ይህችን ደቂቃ ነው። የልጅቷ ትንንሽ እጆች በእጇ ውስጥ ሲጨበጨቡ፣ ልጅቷም እንደ እሷ ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። እጇን ዘረጋች። የልጅቷ አገጭ ጥብቅ አለ። ረዳቷ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

ጭምቷ ወደ ወገቧ አጎንብሳ ቀዩን ካርድ ገነጠለችና የንቢቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ንቢቱ መዝሙሩን አቋረጠች። ረዳቷ ሁለቱንም ጊዜ የተነከሰችው ጠዋት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የልጅቷን እጅ ይዛ ስታስጨበጭባት። ንቢቱ መብራቱን ጠረጠረች፣ ጫማውን ጠረጠረች፤ የራሷን መዝሙር ግን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችም። አፈረች። ከፋትም፤ መዝሙሩን ትወደው ነበርና።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለ ርዕሰ መምህሩ በሹክሹክታ። እንዳልቀጠለች ሲያይ ለእንግዶቹ ፈገግ ብሎ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ እኔ ላስጨብጭብሽ።»

ንቢቱ መሀል ገባች። «እምቢ ብላለች።»

«ማን? አትናገርም አላሉኝም እንዴ?»

«አሁን ተናገረች» አለችና ካርዱን አሳየችው።

ርዕሰ መምህሩ ዞር ሲል አንደኛዋ እንግዳ ካርዱን ለማየት አንገቷን አስግጋለች። የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተው። የረዳቷን ክንድ አየ፤ ደህና ነው።

«እንዲህ ከሆነችማ ትቆይ» አለ።

ንቢቱ ገና እፎይ ልትል ስትል ከክቡ ማዶ አንድ እጅ ወጣ። ባለ መነጽሯ ልጅ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ ጮክ ብላ የምትዘምረው።

«ቲቸር፣ እሷ ስትጨርስ ቀዩን ካርድ ለእኔም ታውሰኛለች?»

ከጎኗ ያሉት ልጆችም እጃቸውን አወጡ።

ንቢቱ አንዷን የልጆች ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።