ፓራና እንቦጭ ያወረደበት ቀን

ኔሊዳ ቤርቶልዲ የፖርቶ አልሚሮን ኑክሌር ማመንጫ የፈረቃ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ታላቅ ወንድሟ አንሴልሞ የቤቷን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አንሴልሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማመንጫው ወደ ወንዙ የሚመልሰው ሞቅ ያለ ውኃ ዓሣዬን አባረረብኝ ብሎ ያምናል። ገበያ ላይ ሲያገኛት፣ "ቦምቧ እንዴት አደረች?" ብሎ በነገር ወጋ ያደርጋታል።

"ቦምብ አይደለችም፤ ማንቆርቆሪያ ነች" ትለዋለች።

"ማንቆርቆሪያ ከሆነች በሽቦ አጥር ያጠራችሁባት ምን ሆና ነው?"

እሱ አይሰማትም እንጂ፣ ነገሩ በእርግጥ ከማንቆርቆሪያ ብዙ አይርቅም። ሪአክተር በሚባለው ማብላያ ውስጥ የዩራኒየም አቶም ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ኒውትሮን የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች ይረጫል፤ እነሱም ሌላውን አቶም እየሰነጠቁ ይቀጥላሉ። ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ከተማው መብራት ያገኛል። እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውኃ የሚያደርገው የፓራና ወንዝ ነው። ወንዙ ከቀረ ሁሉም ነገር ቀረ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። አገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሏል፤ ብሔራዊ ቡድኑ ለዋንጫ ይጫወታል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ስለማይፈቀድ፣ ከኔሊዳ ጋር ብዙ ዓመት የሠራው ኦፕሬተር ራሚሮ፣ "ግዴለም፣ ጎል ከገባ ጩኸቱ ግድግዳውን ሰብሮ ይመጣል" እያለ ራሱን ያጽናናል።

ኔሊዳ ግን ዓይኗን ከወንዙ ካሜራ አልነቀለችም። ሰሜን ላይ ሳያባራ የከረመው ዝናብ ወንዙን አስቆጥቶታል። ከረግረጉ የተገነጠለ እንቦጭ ደሴት ደሴት እያከለ ይወርዳል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ግንድና እባብ ተሸክሞ፣ ቀስ ብሎ ዞረና ማመንጫው ውኃ በሚስብበት ቦይ አፍ ላይ ተሸጎጠ። ከኋላው ሌላ መጣ። ቆሻሻ የሚያስቀረው የብረት ወንፊት በአረንጓዴ ተለሰነ። ወንፊቱን የሚጠርገው ማሽን ግንድ ነክሶ ቆመ።

"ኔሊዳ፣ የቦዩ ውኃ እየወረደ ነው" አለ ራሚሮ። አሁን አይቀልድም። "ትንሽ ከቆየን ፓምፖቹ አየር ይስባሉ።"

ስልኩ ጮኸ። የማመንጫው ዳይሬክተር፣ ኢንጂነር ኦስቫልዶ ግራማሆ ነበሩ።

"ሰማሁ ኔሊዳ። ግን አሁን እንዳታጠፊው። ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ጨዋታ እያየ ነው፤ መስመሩ ተወጥሯል። ማመንጫሽ ከመስመሩ ከወጣ አውራጃው ሁሉ ይጨልማል። ጨዋታው እስኪያልቅ ብቻ ያዢልኝ።"

"ኢንጂነር፣ የምይዘው ውኃ የለኝም።"

"ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?"

"እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ለዚሁ ነው" አለችና ስልኩን አስቀመጠች። የማብላያውን ማጥፊያ ክዳን ከፍታ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

ኒውትሮን የሚውጡት ዘንጎች ማብላያው ውስጥ ወደቁ። የአቶሞቹ መሰነጣጠቅ በቅጽበት ቆመ። ወዲያው የተወጠረው መስመር ተበጠሰና መብራት ድርግም አለ። ከግድግዳው ባሻገር ከተማው ጮኸ።

"ይኼ የጎል ጩኸት አይደለም" አለ ራሚሮ በጨለማው።

ብዙ ሰው ማብላያ ከጠፋ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አያልቅም። ነበልባሉ ቢጠፋም ፍሙ ይቀራል፤ የተሰነጠቁት አቶሞች ስብርባሪ ለቀናት ሙቀት ይተፋል። ውኃ ካላገኘ የዩራኒየሙ ነዳጅ ራሱን ያቀልጣል። ከቀለጠ፣ የማይታይ የማይሸት መርዝ ከሕንፃው ያመልጣል፤ ሰው ቤቱን፣ እርሻውን፣ ወንዙን ጥሎ ይሰደዳል። በሌላ አገር ደርሷል፤ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው የናፍጣ ጄኔሬተር አንዴ ሳል ብሎ ጸጥ አለ። ሁለተኛው አጓራና ያዘ። የማመንጫው መብራት መጣ። ማጠራቀሚያ ጋኖቹ ውስጥ ያለው ውኃ እስከ ማምሻው ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንዙ ያስፈልጋል። የማመንጫው ጠላቂዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጀልባ በሌለበት ያንን ሁሉ እንቦጭ አይገፉትም።

ኔሊዳ ስልኳን አነሳች።

"አቤት እመቤቲቱ!" አለ አንሴልሞ። "ተጫዋቻችን ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷን አስቀምጦ ነበር እኮ! ሰዉ ማመንጫው በር ላይ ሊያንቅሽ እየመጣ ነው!"

"አንሴልሞ፣ ስማኝ።"

"ፈነዳች?"

"አልፈነዳችም። ጠማት፤ እንቦጭ የቦዩን አፍ ደፍኖባታል።"

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እውነቱን ንገሪኝ እህቴ። ልጆቼን ይዤ ልሽሽ ወይስ ታንኳዬን ላንሳ?" አላት።

"እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ታንኳህን አንሳ። ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ይዘህ ና።"

"እባቡስ?"

"ፊትህን አሳየው፤ ይሸሻል።"

ሊሳደብ በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ነገሩን ሲሰማ ስድቡን ትቶ ገመድ ጠየቀ። ኔሊዳ በካሜራው አየቻቸው። አንሴልሞ ታንኳው ላይ ቆሞ በሜንጫ ይቆርጣል፤ ሌሎቹ በመንጠቆ ይጎትታሉ፤ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች ዳር ላይ ገመድ ይዘው፣ "አንድ! ሁለት! ሳብ!" ይላሉ። ሥጋ ሻጩ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰምጧል። ዳር ላይ የተቀመጠ የባትሪ ሬድዮ ጭማሪ ሰዓት የገባውን ጨዋታ ያስተላልፋል። ጠላቂዎቹ ግንዱን በሰንሰለት አስረው በትራክተር አስወጡት።

ውኃው ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ተመለሰ። የጋኖቹ ውኃ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል። ዳይሬክተሩ እንደገና ደወሉ። "ፓምፑን አስነሺው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ወንፊቱ ስር ሰው አለ፤ ፓምፑ ይስበዋል። ሰው ውኃ ውስጥ እያለ አላስነሳም። ጋኑ ውስጥ ገና ትንሽ ውኃ አለ።"

መጠበቅ ከባዱ ነገር ነበር። ራሚሮ የሙቀቱን ቁጥር ማንበብ ትቶ ከንፈሩን ይነክሳል። በመጨረሻ አንዱ ጠላቂ ወጣ፤ ሌላውም ወጣ። አንሴልሞ ወደ ካሜራው ዞሮ መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ አነሳ።

"አስነሳ!" አለች ኔሊዳ።

ፓምፑ ጎረነነ። ቧንቧው ተንዘፈዘፈ፤ ፓራና ገባ። የሙቀቱ ቁጥር ለአፍታ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ወረደ። ደግሞ ወረደ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት መጣ፤ የመኪና ጥሩምባው፣ የጀልባው ጥሩምባ፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

"ቡድኑ አሸነፈ ወይስ እኛ?" አለ ራሚሮ እንባውን እየጠረገ።

"ሁለታችንም ሳንሆን አንቀርም" አለች።

ተረኛው ኃላፊ ሲተካት ኔሊዳ ወደ ወንዙ ወረደች። ሰው ሁሉ ጭቃ ለብሶ ማንነቱ አይለይም። ሲያዩዋት አንዲት አሮጊት ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባው ዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። ዳይሬክተሩም ከመሃል ነበሩ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው። "ልክ ነበርሽ። ይህን በሰው ፊት እናገራለሁ" አሏት። ተናገሩም።

በማግስቱ መርማሪዎች መጥተው ማብላያውን ፈተሹ፤ አንድም መርዝ አልወጣም። ያልተነሳው ጄኔሬተር ተቀየረ። ቦዩ አፍ ላይ እንቦጭ የሚመልስ ተንሳፋፊ አጥር ተዘረጋ፤ ጥበቃውም ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ተሰጠ። አንሴልሞ አለቃቸው ሆነ። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት፣ ታንኳው ላይ ቆሞ በሬድዮ፣ "መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ወንዙ ንጹሕ ነው" አለ፤ ጉሮሮውንም ጠራረገና፣ "እሑድ ሱሩቢ ዓሣ እጠብሳለሁ፤ ቤትሽ ይዤው እመጣለሁ፤ አንቺ ጠብሰሽ እንዳታበላሺው" አላት።

ኔሊዳ ሳቀች። ከዚያ ወደ ፓነሉ ዞራ ማብላያው እንደገና ሥራ እንዲጀምር ዘንጎቹ እንዲነሱ አዘዘች።